የመኪና ፍተሻ ላይ አድልዎ አለ ወይ? በቁጥር የማጣሪያ ዝርዝር መመሪያ

ማታ ከስታዲየም ወደ አራት ኪሎ የሚሄድ ሚኒባስ ፍተሻ ሲገጥመው ክርክሩ ወዲያው ይነሳል። አንዱ «መርጠው ነው የሚያስወርዱት» ይላል። ሌላው «ኧረ ሁሉንም ነው» ይለዋል። ሁለቱም ያዩትን ነው የሚናገሩት። ከፊታቸው የነበረው መኪና ለምን እንዳለፈ ግን አንዳቸውም አያውቁም። ትናንት የተፈተሹት መኪኖች ውስጥ ምን እንደተገኘም አያውቁም።

ይህን ክርክር በመረጃ የሚፈታ ዘዴ አለ። በብዛት የተሠራበት አሜሪካ ነው፤ መዝገቡ ያለው እዚያ ስለሆነ። ይህን መመሪያ የጻፍኩት ስድስት ኪሎና አራት ኪሎ ስታትስቲክስ፣ ኮምፒውተር ሳይንስ ወይም ሕግ ለምትማሩ፣ እንዲሁም ቢሮ ውስጥ ከዳታ ጋር ለምትውሉ ነው። ላፕቶፕ፣ ኢንተርኔትና ትንሽ የአር ወይም የፓይተን (የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋዎች ናቸው) ችሎታ ይበቃችኋል። ሁለቱም በነፃ ይወርዳሉ። ስሌቱን በአሜሪካ መረጃ ትለማመዱታላችሁ፤ ወደ አዲስ አበባ መጨረሻ ላይ እንመለሳለን። ስለ አሜሪካ ስናወራ ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ደረጃ 1፦ ጥያቄውን አጥብቡት

«ፖሊስ ያዳላል ወይ?» ብላችሁ ከጀመራችሁ የትም አትደርሱም። አንድ መኪና ላይ ብዙ ውሳኔ ይወሰናል። ማስቆም አንድ ነው። መፈተሽ ሌላ ነው። መቅጣት፣ አስጠንቅቆ መሸኘት፣ ማሰር ደግሞ ሌሎች ናቸው። እያንዳንዱ የየራሱ መለኪያ አለው።

እኛ የያዝነው ፍተሻውን ብቻ ነው። ፍተሻ ለመለካት የሚመቸው መልሱ ስለሚታወቅ ነው። ኮፈኑ ተከፍቶ፣ ወንበሩ ሥር ታይቶ ሲያበቃ ክልክል ዕቃ ወይ ተገኝቷል፣ ወይ አልተገኘም።

ስለዚህ ጥያቄያችሁን እንዲህ ጻፉት፦ ፖሊሶች የአንዱን ቡድን መኪና ለመፈተሽ፣ ለሌላው ቡድን ከሚያስፈልጋቸው ያነሰ ጥርጣሬ ይበቃቸዋል ወይ? ከዚህ በታች ያለው ሥራ ሁሉ ይህን አንድ ጥያቄ ለመመለስ ነው።

ደረጃ 2፦ መረጃውን አምጡ

በአሜሪካ መዝገቡ በቸርነት አልተጀመረም። በ1992 ሮበርት ዊልኪንስ የሚባል ጥቁር ጠበቃ ከዘመዶቹ ጋር ቺካጎ ከአያቱ ቀብር እየተመለሰ ነበር። ሜሪላንድ ላይ የክፍለ ግዛቱ ፖሊስ አስቆማቸው። መኪናውን ልፈትሽ አለ። ዊልኪንስ ሕጉን ጠቅሶ እምቢ አለ። ውሻ እስኪመጣ መንገድ ዳር እንዲጠብቁ ተደረገ። ውሻው መኪናውን ዞሮ አሸተተ፤ ምንም አልተገኘም። ዊልኪንስ ከሰሰ። በ1995 ጉዳዩ በስምምነት ሲያልቅ፣ የሜሪላንድ ፖሊስ እያንዳንዱን የመኪና ፍተሻ እንዲመዘግብ ግዴታ ገባ። ከታች የማነሳው ትልቅ ጥናት የተሠራው በዚያ መዝገብ ነው። ዊልኪንስ በኋላ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነ።

ዛሬ ሥራው ቀሏል። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ21 የክፍለ ግዛት ፖሊሶችና ከበርካታ ከተሞች ወደ 100 ሚሊዮን የሚጠጋ የትራፊክ ማስቆም መዝገብ ሰብስበው፣ በአንድ ዓይነት አምድ አስተካክለው ለሕዝብ ክፍት አድርገውታል። ለመለማመጃ የፊላደልፊያን ፋይል እመርጣለሁ። ቀን፣ ሰዓት፣ የፖሊስ ወረዳ፣ የአሽከርካሪው ዘር፣ ፍተሻ መደረጉና ክልክል ዕቃ መገኘቱ ሁሉም አሉበት። ከ1 ሚሊዮን በላይ መስመር ስላለው ኤክሴል ሙሉውን አይከፍተውም። በቀጥታ በአር ወይም በፓይተን ክፈቱት።

ደረጃ 3፦ አጽዱ፤ እዚህ አትቸኩሉ

ከግማሽ በላይ ጊዜያችሁን የሚበላው ይህ ነው፤ ይብላም። የፊላደልፊያው ፋይል ውስጥ እግረኞችም አሉ። እነሱን አውጥታችሁ መኪኖቹን ብቻ አስቀሩ። 2018 ሙሉ ዓመት ስላልሆነ ያንንም ተዉት።

ከዚያ የፍተሻውን ዓይነት ተመልከቱ። አንዳንድ ፍተሻ የፖሊሱ ምርጫ አይደለም። አሽከርካሪው ሲታሰር የሚደረግ ፍተሻ አለ። መኪና ተጎትቶ ጊቢ ሲገባ ዕቃ የሚቆጠርበትም አለ። እነዚህ በአሠራር ደንቡ መሠረት የሚደረጉ ናቸው። ፖሊሱ «ይሄኛው ይፈተሽ፣ ያኛው ይለፍ» ብሎ አልመረጠም። አድልዎ የሚመረመረው ምርጫ ባለበት ነው፤ በጥርጣሬ በተደረጉ ፍተሻዎችና በአሽከርካሪው ፈቃድ በተደረጉት። ፋይላችሁ የፍተሻውን ምክንያት የሚመዘግብ ከሆነ ለዩት። የማይመዘግብ ከሆነ፣ ይህን በሪፖርታችሁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉ።

ባዶ ቦታዎችንም እዩ። «ዕቃ ተገኘ?» የሚለው አምድ ፍተሻ ባልተደረገበት መስመር ላይ ባዶ ነው። ትክክልም ነው። ባዶውን «አልተገኘም» ብላችሁ ከሞላችሁ ስሌቱ በሙሉ ይበላሻል።

የዘር አምዱንም በጭፍን አትመኑ። ቴክሳስ ውስጥ የክፍለ ግዛቱ ፖሊሶች ብዙ ሂስፓኒክ (የዘር ሐረጋቸው ከላቲን አሜሪካ የሚመዘዝ) አሽከርካሪዎችን «ነጭ» እያሉ ሲመዘግቡ እንደነበር በ2015 በጋዜጠኞች ምርመራ ታውቋል። እንዲህ ያለ መዝገብ ላይ የተሠራ ስሌት፣ አድልዎ ቢኖር እንኳ ይሸፍነዋል።

ደረጃ 4፦ የፍተሻ ምጣኔ

ለእያንዳንዱ ቡድን፣ የተፈተሹትን መኪኖች በቆሙት መኪኖች ቁጥር አካፍሉ። በከተማው ሕዝብ ቁጥር አታካፍሉ። ነዋሪ ሁሉ አይነዳም፤ ከሌላ ከተማ የሚገባም አለ።

ቁጥሩ ሲለያይ ብዙ ሰው እዚህ ቆሞ «ይኸው ተረጋገጠ» ይላል። ገና ነው። የፍተሻ ምጣኔ መለያየት ማስጠንቀቂያ ነው፤ ምክንያቱን ግን አይነግራችሁም። የአንዱ ቡድን አሽከርካሪዎች በብዛት የቆሙት ፍተሻ በሚበዛበት ሰፈር ወይም ሰዓት ሊሆን ይችላል። አድልዎም ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 5፦ የግኝት ምጣኔ

የዘዴው ልብ ይህ ነው። ሐሳቡ በ1957 ስለ አድልዎ ኢኮኖሚክስ ከጻፈውና በኋላ የኖቤል ሽልማት ካገኘው ከጋሪ ቤከር ይጀምራል። የተከለከሉትን አትቁጠሩ፤ ውሳኔው ያመጣውን ውጤት እዩ ይላል። ባንክ ለአንድ ቡድን ብድር ሲሰጥ ከሌላው የበለጠ እየመረጠ ከሆነ፣ ከዚያ ቡድን ብድር ያገኙት ከሌሎቹ የተሻለ ይከፍላሉ። ፍተሻም እንደዚሁ ነው። ፖሊስ አንዱን ቡድን በትንሽ ጥርጣሬ የሚፈትሽ ከሆነ፣ ከዚያ ቡድን ፍተሻ ብዙው ባዶ ይሆናል።

ስሌቱ ቀላል ነው። ከተፈተሹት መኪኖች መካከል ክልክል ዕቃ የተገኘባቸው ስንት በመቶ ናቸው? ለእያንዳንዱ ቡድን ለየብቻ አውጡት። የአንዱ ዝቅ ካለ፣ ያ ቡድን በቀላሉ እየተፈተሸ ነው ማለት ሊሆን ይችላል።

በ2001 ኖውልስ፣ ፐርሲኮና ቶድ የተባሉ የኢኮኖሚክስ ተመራማሪዎች ይህን በሜሪላንድ መዝገብ ሠሩት። ከ1995 እስከ 1999 መጀመሪያ አንድ አውራ ጎዳና ላይ የተደረጉ 1,590 ፍተሻዎችን ወሰዱ። ከተፈተሹት 63 በመቶው ጥቁር አሽከርካሪዎች ነበሩ። በመንገዱ ላይ ያላቸው ድርሻ ግን 18 በመቶ ገደማ ነበር። ይህን ብቻ ያየ ሰው ይደነግጣል። የግኝት ምጣኔው ግን ለጥቁሮች 34 በመቶ፣ ለነጮች 32 በመቶ ሆነ። የሂስፓኒኮቹ 11 በመቶ ብቻ ነበር። ተመራማሪዎቹ በጥቁሮች ላይ በጥላቻ የመጣ አድልዎ አላየንም፣ በሂስፓኒኮች ላይ ግን ምልክቱ አለ አሉ።

እኔ ይህን ጥናት ለተማሪ ሳሳይ ሁልጊዜ አንድ ነገር እጨምራለሁ። 34 በመቶ ተገኘ ማለት 66 በመቶው ንጹሕ ሰው መንገድ ዳር ቆሟል ማለት ነው። ያ ሸክም በአንድ ሕዝብ ላይ ከድርሻው ሦስት እጥፍ በላይ ሲያርፍ፣ ስሌቱ «አድልዎ የለም» ቢልም ጉዳቱ የለም አላለም። ይህን የሚያህል ነገር በሪፖርት ውስጥ የግርጌ ወሬ መሆን የለበትም።

ደረጃ 6፦ ልዩነቱ የዕድል ጉዳይ ይሁን አይሁን ለዩ

ቁጥሮቹ የምሳሌ ናቸው። ከመጀመሪያው ቡድን 400 መኪና ተፈትሾ 120 ላይ ተገኘ፤ 30 በመቶ። ከሁለተኛው 600 ተፈትሾ 132 ላይ ተገኘ፤ 22 በመቶ። ልዩነቱ 8 የመቶኛ ነጥብ ነው።

ለእያንዳንዱ ቡድን የተገኘበትን ክፍልፋይ ባልተገኘበት አባዙ፣ በፍተሻው ቁጥር አካፍሉ። ሁለቱን ደምሩና ሥሩን አውጡ። እዚህ 0.0285 ይሆናል። ለ95 በመቶ የመተማመን ክልል በሚያገለግለው 1.96 ስታባዙት 5.6 ነጥብ ገደማ ይመጣል። ስለዚህ እውነተኛው ልዩነት ከ2.4 እስከ 13.6 ነጥብ ባለው ክልል ነው ብላችሁ መጻፍ ትችላላችሁ። ክልሉ ዜሮን አልነካም፤ ስለዚህ ልዩነቱ የዕድል ብቻ አይመስልም።

አሁን ፍተሻውን በ10 እጅ ቀንሱት፤ ከ40 መኪና 12፣ ከ60 መኪና 13። ምጣኔው ያው ነው ማለት ይቻላል። ክልሉ ግን ከዜሮ በታች 9 አካባቢ ጀምሮ እስከ 26 ይዘረጋል። በዚህ ቁጥር ማንንም መክሰስ አይቻልም። ነፃ ማውጣትም አይቻልም። «ልዩነት የለም» ብላችሁ እንዳትጽፉ፤ የሚጻፈው «ይህ መረጃ ለመለየት አይበቃም» ነው።

ደረጃ 7፦ በወረዳ ከፋፍሉ

አጠቃላይ ቁጥር ያታልላል። ሁለት ወረዳ እንውሰድ። በመጀመሪያው ወረዳ ፍተሻ ከተደረገባቸው 40 በመቶው ላይ ዕቃ ይገኛል፣ ለሁለቱም ቡድን እኩል። በሁለተኛው ወረዳ 10 በመቶው ላይ ይገኛል፣ እዚያም እኩል። ነገር ግን የመጀመሪያው ቡድን 100 ጊዜ የተፈተሸው በመጀመሪያው ወረዳ፣ 20 ጊዜ በሁለተኛው ነው። ሁለተኛው ቡድን ተቃራኒው። ድምሩን ስታወጡ የመጀመሪያው ቡድን ከ120 ፍተሻ 42፣ ማለትም 35 በመቶ ሆነ። ሁለተኛው ከ120 ፍተሻ 18፣ ማለትም 15 በመቶ። በየወረዳው ምንም ልዩነት ሳይኖር በድምሩ ከእጥፍ በላይ ልዩነት መጣ።

ስለዚህ በወረዳ፣ ከተቻለም በሰዓት ከፋፍላችሁ አወዳድሩ። ግን ክፍፍሉ ልዩነቱን ሲያጠፋው ፋይሉን አትዝጉ። ሁለተኛው ወረዳ ላይ ከ10 ፍተሻ 9ኙ ለምን ባዶ ሆነ? ምናልባት አለቆቹ ያንን ሰፈር ብቻ ለይተው «ሁሉንም ፈትሹ» ብለዋል። ያ በአንድ ፖሊስ ላይ የማይታይ፣ በመመሪያ ደረጃ ያለ አድልዎ ሊሆን ይችላል።

የፖሊሱ መለያ ቁጥር ያለው መዝገብ ካገኛችሁ ሌላ በር ይከፈታል። አንቶኖቪክስና ናይት በ2009 ባወጡት የቦስተን ጥናት፣ የፖሊሱና የአሽከርካሪው ዘር ሲለያይ ፍተሻ የመደረግ ዕድሉ ከፍ እንደሚል አሳይተዋል።

ደረጃ 8፦ የግኝት ምጣኔ የሚሸወድበት ቦታ

እዚህ ጋ ጊዜ ውሰዱ። ብዙ ጥሩ ተማሪ የሚወድቀው እዚህ ነው።

አንድ ፖሊስ ለሁሉም ሰው አንድ ልክ አለው እንበል። ዕቃ የመገኘት ዕድሉ ከ20 በመቶ በላይ የመሰለውን ሁሉ ይፈትሻል። የመጀመሪያው ቡድን ውስጥ ገሚሱ 2 በመቶ፣ ገሚሱ 60 በመቶ ዕድል አለው። ሁለተኛው ውስጥ ገሚሱ 2፣ ገሚሱ 40። ፖሊሱ ከሁለቱም ቡድን ከፍተኞቹን ብቻ ይፈትሻል። የግኝት ምጣኔው 60 እና 40 ይሆናል። መለኪያችን «አድልዎ አለ» ይላል። ፖሊሱ ግን አላዳላም።

ተቃራኒውም አለ፤ እኔን የሚያሳስበኝም እሱ ነው። በመጀመሪያው ቡድን ተጠርጣሪዎቹ ሁሉ 30 በመቶ ዕድል አላቸው፣ ልኩም 20 ነው። ግኝቱ 30 በመቶ። በሁለተኛው ቡድን ገሚሱ 10፣ ገሚሱ 50 በመቶ ዕድል አለው። ፖሊሱ ለዚህ ቡድን ልኩን ወደ 5 ዝቅ ስላደረገው ሁሉንም ይፈትሻል። ግኝቱ ያው 30 በመቶ። ቁጥሩ እኩል ነው። በ10 በመቶ ጥርጣሬ ብቻ የተፈተሹት ሰዎች ግን በግልጽ ተበድለዋል። የሜሪላንዱንም ውጤት በዚህ ዓይን መልሳችሁ እዩት።

መፍትሔው የግኝት ምጣኔንና የፍተሻ ምጣኔን አንድ ላይ ማየት ነው። አንድ ቡድን በብዛት እየተፈተሸ፣ በዚያው ላይ ግኝቱ የሚያንስ ከሆነ፣ ልኩ ዝቅ ብሎለታል የሚለው ጥርጣሬ ይጠነክራል። ይህን በወጉ የሚያሰላው በ2017 ሲሞዩ፣ ኮርቤት-ዴቪስና ጎል ያወጡት ዘዴ ነው። በእያንዳንዱ ወረዳ፣ ለእያንዳንዱ ቡድን፣ ፖሊሶች የሚጠቀሙበትን የጥርጣሬ ልክ ራሱን ይገምታል። በሰሜን ካሮላይና 100 ትልልቅ የፖሊስ መምሪያዎች በመዘገቧቸው 4.5 ሚሊዮን ማስቆሞች ላይ ሲሞከር፣ ለጥቁርና ለሂስፓኒክ አሽከርካሪዎች ልኩ ከነጮቹ ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኘ። በ2020 የወጣው ትልቁ የስታንፎርድ ጥናትም ወደዚያው ያመለክታል።

ይህን ሞዴል በእውነተኛ መረጃ ከማስኬዳችሁ በፊት በራሳችሁ የፈጠራ መረጃ ሞክሩት። ልኩን 20 እና 5 ብላችሁ አስቀምጡ፣ 10 ሺህ የሐሰት መኪና ፍጠሩ፣ ከዚያ ኮዱ 20ንና 5ን መልሶ ያገኛቸው እንደሆነ እዩ። ካላገኘ ወደ ፊላደልፊያ አትሂዱ።

የጨለማው ዘዴ አዲስ አበባ ላይ ለምን ይከብዳል?

ግሮገርና ሪጅዌይ በ2006 ኦክላንድ ላይ የተጠቀሙበት ሌላ ዘዴ አለ። ማስቆምን እንጂ ፍተሻን አይለካም፤ ግን ሁልጊዜ ስለምጠየቅ ላንሳው። ሐሳቡ፣ ሲመሽ ፖሊስ የአሽከርካሪውን ፊት አያይም ነው። ዲሴምበር ላይ ጨልሞ ጁን ላይ ብርሃን የሚሆንበትን አንድ ሰዓት ወስዶ፣ በጨለማና በብርሃን የቆሙትን አሽከርካሪዎች የዘር ድርሻ ያወዳድራል። ፊላደልፊያ ላይ ፀሐይ የምትጠልቅበት ሰዓት በዓመት ውስጥ ወደ 4 ሰዓት ገደማ ስለሚለያይ ይመቻል። አዲስ አበባ ግን ዓመቱን ሙሉ የምትጠልቀው ምሽት 12 ሰዓት አካባቢ ነው፤ ልዩነቱ ከአንድ ሰዓት ያንሳል። በዚያ ላይ ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ ማታውም ብርሃን ነው።

ደረጃ 9፦ ወደ አዲስ አበባ ስናመጣው

መጀመሪያ፣ ፖሊሱ የሚያየው ነገር ይለያያል። ሜክሲኮ አካባቢ ማታ ላይ የቆመ ፈታሽን አስቡ። ባትሪውን ሰሌዳው ላይ ያበራል። «ሂድ» ይላል። ቀጣዩን «ዳር ያዝ» ይለዋል። መንጃ ፈቃድ ይቀበላል፣ ስም ያነባል፣ ሁለት ሦስት ቃል ያናግራል፣ ከዚያ «ኮፈን ክፈት» ይላል። እዚህ የቆዳ ቀለም አይለይም። ሊለይ የሚችለው በነባሩ ሰሌዳ ላይ ያለው የክልል ፊደል፣ ኮዱ፣ ስሙ፣ አነጋገሩ፣ የመኪናው ዓይነት ነው። ስለዚህ ቡድን የምታደርጉት ፈታሹ ከመወሰኑ በፊት የሚያየውን ነገር ይሁን። ለመጀመር የሰሌዳው ፊደልና ኮዱ ይሻላሉ። የሚታዩ ናቸው፤ ማንንም ብሔሩን መጠየቅ አያስፈልግም። ፋይዳ ላይም ብሔር አይመዘገብም።

ሁለተኛ፣ ሁሉም መኪና በሚቆምበት ኬላ የሚለካው ውሳኔ «ሂድ» እና «ዳር ያዝ» መካከል ያለው ነው። ስለዚህ ያለፉትም መመዝገብ አለባቸው። ባዶ የሆነው ፍተሻ ካልተመዘገበ ደግሞ የግኝት ምጣኔ የሚባል ነገር የለም። የተያዘው ዕቃ ብቻ በዜና ሲነገር፣ ተፈትሾ ምንም ያልተገኘበት ሰው ከስሌቱ ይጠፋል። እኔ እንዲለወጥ አጥብቄ የምፈልገው ይህንን ነው።

ሕጉ መሠረት ይሰጣችኋል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 እኩልነትን፣ አንቀጽ 26 ሰውነትና ንብረት ያለአግባብ እንዳይመረመር ይጠብቃሉ። መረጃ የመጠየቅ መብት በአዋጅ ቁጥር 590/2000 አለ። ስለዚህ ጥያቄያችሁን በደብዳቤ አቅርቡ፤ ስምና የሰሌዳ ቁጥር የሌለበት ማጠቃለያ ጠይቁ። ኬላ ላይ ቆሞ በስልክ መቅረጽ አይሞከር። ለእናንተም ለሚፈተሸውም አደጋ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ስላለም፣ ሰው የሚለይበትን ማንኛውንም ነገር ፋይላችሁ ውስጥ አታስገቡ።

ፈቃደኛ መምሪያ ከተገኘ ቅጹ ከአንድ ገጽ አይበልጥ፦ ቀንና ሰዓት፣ ቦታ፣ የሰሌዳ ፊደልና ኮድ፣ አለፈ ወይስ ተፈተሸ፣ የፍተሻው ምክንያት፣ ምን ተገኘ፣ ስንት ደቂቃ ወሰደ፣ የፈታሹ የሚስጥር ቁጥር። ከዚህ በላይ አንድ ነገር ብትጨምሩ ዋጋው ትልቅ ነው። እያንዳንዱ 20ኛ መኪና ማንም ይሁን ማን እንዲፈተሽ ይደረግ። ያ በጥርጣሬ ሳይሆን በተራ የተመረጠ ስለሆነ፣ ደረጃ 8 ላይ ያየነውን ወጥመድ ለመፍታት መነሻ ይሆናችኋል። በጥርጣሬ የተፈተሹት ላይ የሚገኘው ከተራዎቹ የማይበልጥ ከሆነ፣ ጥርጣሬው ምንም አልረዳም።

በመጀመሪያው ሳምንት አንዱን ኬላ ሁለት ሰው ለየብቻ ይመዝግበው። ማታ ላይ ሁለቱን ቅጽ ጎን ለጎን አስቀምጡ። «ምክንያት» የሚለው ላይ በብዛት ካልተስማሙ ምርጫዎቹን አሳጥሩና በማግስቱ እንደገና ሞክሩ።